ሥልጠናው ቢሾፍቱ፣ ብድሩ ቀበሌ

ማይክሮፋይናንስ ውስጥ ከባዱን ውሳኔ የሚወስነው ዋና ሥራ አስፈጻሚው አይደለም። ወረዳ ላይ ያለው የብድር ኦፊሰር ነው። ለእንጀራ ሻጯ ሃምሳ ሺህ ብር ይሰጣት ወይስ ሠላሳ? ገበሬው በየወሩ ይክፈል ወይስ እህሉ ሲደርስ? ቦታው ድረስ ሄዶ፣ አይቶ፣ ጠይቆ ፎርም የሚሞላው እሱ ነው። የብድር ኮሚቴው የሚያየው እሱ የሞላውን ወረቀት ነው። የቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጁም የሚፈርመው በዚያው ላይ ነው። ኦፊሰሩ ከተሳሳተ ከሱ በላይ ያሉት ሁሉ ተከትለውት ይሳሳታሉ።

ታዲያ ይህን ሰው ማን አሠለጠነው?

ብዙ ቦታ ነገሩ እንዲህ ነው። ሲቀጠር ለጥቂት ቀን ስለ ተቋሙ ገለጻ ይሰጠዋል። የብድር መመሪያው ይነበብለታል። ከዚያ ነባሩ ኦፊሰር ሞተር ላይ አፈናጥጦት ቀበሌ ለቀበሌ ያዞረዋል። ብዙም ሳይቆይ "ይኸው ደንበኞችህ" ተብሎ የስም ዝርዝር ይሰጠዋል። በቃ። ቀሪውን የሚማረው እየተሳሳተ ነው። የስህተቱን ዋጋ ደግሞ በአብዛኛው የሚከፍሉት ደንበኞቹ ናቸው።

ሥልጠና የሚባል ነገር የለም ማለቴ አይደለም። አለ። ቢሾፍቱ ወይም አዳማ፣ ሆቴል ውስጥ አለ። ባነር ይሰቀላል፣ ስላይድ ይታያል፣ የሻይ እረፍት አለ፣ ማታ የውሎ አበል ይፈረማል። የሚጠሩት ግን ብዙውን ጊዜ የቅርንጫፍና የዲስትሪክት ኃላፊዎች ናቸው። "ተመልሳችሁ ለሥራችሁ ሰዎች ታካፍላላችሁ" ይባላል። ማካፈሉ ብዙ ጊዜ ስላይዱን በቴሌግራም መላክ ነው።

ይህ አሠራር ለረጅም ጊዜ ብዙ ጉዳት ሳያደርስ ቆየ። ለምን እንደቆየ ማወቅ ጠቃሚ ነው፤ ዛሬ ለምን እንደማይበቃ የሚገባን ያኔ ነው።

የመጀመሪያው የማይክሮፋይናንስ ሕግ አዋጅ ቁጥር 40/1988 ሲወጣ፣ እንደ ደደቢት እና የአማራ ብድርና ቁጠባ ያሉት ተቋማት ሥራቸውን የመሠረቱት በቡድን ብድር ላይ ነበር። ጥቂት ጎረቤታሞች ተቧድነው አንዱ ለአንዱ ዋስ ይሆናል። አንዱ ካልከፈለ ሌሎቹ ይከፍላሉ። ንብረት ማስያዝ የለም። የቀበሌ ኮሚቴም አመልካቹን ያያል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ልብ የማይለው ነገር አለ። በቡድን ብድር የብድር ግምገማውን የሚሠራው ኦፊሰሩ አልነበረም። ቡድኑ ነበር። የማን በሬ እንደሞተ፣ ማን እንደሚጠጣ፣ የማን ልጅ ከአረብ አገር ገንዘብ እንደሚልክ፣ ማን ለሌላ ሰው አራጣ እንደሚከፍል ጎረቤት ያውቃል። የማይታመነውን ሰው ገና ሲቧደኑ ያስወጡታል። ኦፊሰሩ ሕጉን ማስረዳት፣ ፎርም መሙላትና ገንዘብ መሰብሰብ ከቻለ ይበቃው ነበር። ለዚህ ደግሞ የጥቂት ቀን ገለጻና የሞተር ላይ ጉዞው አላነሱም።

አሁን ሥራው ሌላ ነው። የብድሩ መጠን አደገ። ከተማው ሰፋ፣ ጎረቤት ጎረቤቱን እንደ ድሮው አያውቅም። "ለሌላ ሰው ዕዳ ዋስ አልሆንም" የሚል ደንበኛ በዛ። እውነቱን ነው። ስለዚህ ተቋማቱ ወደ ግል ብድር እየሄዱ ነው። በዓለም ባንክ ድጋፍ እ.አ.አ. በ2012 የተጀመረው የሴት ሥራ ፈጣሪዎች ልማት ፕሮጀክት ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። ታሳቢ የተደረጉት ለቡድን ብድር የገዘፉ፣ ለባንክ ግን ያነሱ ሴት ነጋዴዎች ነበሩ። ገንዘቡ በልማት ባንክ በኩል ለማይክሮፋይናንሶች ይለቀቃል፤ እነሱ ለሴቶቹ በግል ያበድራሉ። አዘጋጆቹ ቶሎ የገባቸው ነገር ገንዘቡ ብቻውን እንደማይበቃ ነው። ኦፊሰሮቹ የግል ብድር ለመገምገም አልሠለጠኑም ነበር። ስለዚህ ተቋማቱ የንግድን የገንዘብ ፍሰት አይቶ ማበደርን እንዲለምዱ የሙያ ድጋፍ አብሮ ተሰጠ። ከቤትና ከመሬት ይልቅ የተበዳሪውን ጠባይና ልማድ የሚመዝን፣ በታብሌት የሚሞላ ፈተናም ተሞከረ።

የገንዘብ ፍሰት ማንበብ ሲባል ቀላል ይመስላል። ደብተር የሌለው ንግድ ፊት ቁጭ ሲሉ ግን ሌላ ነው። እስቲ አንዲት እንጀራ ሻጭ እንውሰድ፤ ቁጥሩ የእኔ ግምት ነው። በሳምንት 20,000 ብር ትሸጣለች እንበል። ጤፉ፣ መብራቱ፣ ማጓጓዣውና የረዳቷ ደመወዝ 15,000 ብር ይበላል። 5,000 ብር ተረፋት። ብዙ ፎርም እዚህ ላይ ያበቃል። በወር 20,000 ትርፍ አላት፣ የ8,000 ብር ወርሃዊ ክፍያ በደንብ ትችላለች ተብሎ ይፈረማል።

ግን ሴትየዋ ትኖራለች። የቤት ኪራይና አስቤዛ በሳምንት 3,000 ይወስዳል። እቁብ በሳምንት 1,000 ትጥላለች። ነጻ ሆኖ የቀራት በሳምንት 1,000፣ በወር 4,000 ብር ገደማ ነው። ስምንት ሺህ የሚለው ክፍያ የቱንም ያህል ታታሪ ብትሆን ይሰብራታል።

እቁቡን ያነሳሁት በምክንያት ነው። ጎበዝ ኦፊሰር "እቁብ አለሽ?" ብሎ አያቆምም። "ደርሶሻል ወይስ ገና ነው?" ብሎ ይጨምራል። ገና ካልደረሳት እቁቡ ቁጠባ ነው፤ አንድ ቀን ዳጎስ ያለ ገንዘብ ይመጣላታል። ደርሷት ከሆነ ግን የቀሩት ሳምንታት በሙሉ ዕዳ ናቸው። ያውም ከተቋሙ ዕዳ በፊት የሚከፈል ዕዳ፤ እቁብ ያልጣለ ሰው በሰፈሩ ምን እንደሚባል እናውቃለን። ሁለቱ ጉዳዮች ፎርሙ ላይ አንድ ሳጥን ውስጥ ይገባሉ። ውጤታቸው ግን ተቃራኒ ነው።

የትምህርት ቤት ክፍያም አለ፤ መስከረም ሲመጣ ደንበኛዋ በአንድ ጊዜ ትራቆታለች። ጾሙም አለ። በሁዳዴ የሥጋ ቤቱ ገቢ ይወርዳል፤ በዓል ሲቃረብ ደግሞ ከብት የሚያደልበው ሰው የዓመቱን ገንዘብ በጥቂት ቀን ያገኛል። ለፋሲካ የሚያደልበውን ገበሬ በየወሩ እኩል ክፈል ማለት በሬውን ሳይሰባ እንዲሸጥ ማስገደድ ነው። ይህ ሁሉ ከውጭ በተተረጎመ ማኑዋል ውስጥ የለም። አገሩን የሚያውቅ አሠልጣኝ ይጠይቃል። ጥሩው ዜና፣ እንዲህ ያለው ሰው በየቅርንጫፉ አለ፤ አሥራ አምስት ዓመት የሠራው ነባር ኦፊሰር ነው። መጥፎው ዜና፣ ማንም አሠልጣኝ ብሎ አልሰየመውም።

ዋስትናው ራሱ ተቀይሯል። በሚንቀሳቀስ ንብረት የዋስትና መብትን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 1147/2011 ከወጣ ወዲህ ከብት፣ ሰብል፣ የልብስ ስፌት መኪና በዋስትና ተመዝግቦ መበደር ይቻላል። መልካም ሕግ ነው። ግን አንድ የወላይታ በሬ ዛሬ ስንት ያወጣል፣ ከስድስት ወር በኋላስ? ይህን የሚገምተው ያው ኦፊሰር ነው።

ወደ ሒሳቡ ልሂድ፤ ሥልጠናው የሚፈተነው እዚህም ነው። 10,000 ብር ለአንድ ዓመት፣ በ18 በመቶ ወለድ፣ በየወሩ የሚከፈል ብድር ይዘን እንቁጠር። ወለዱ ከመጀመሪያው የብድር መጠን ላይ ቋሚ ሆኖ ከተሰላ ደንበኛው በዓመቱ 1,800 ብር ወለድ ይከፍላል። ከቀሪው ዕዳ ላይ ብቻ ከተሰላና ዋናው ብድር በየወሩ እኩል ከተመለሰ ደግሞ 975 ብር። በሁለቱም ላይ የሚነገረው "18 በመቶ" ነው። ልዩነቱ ግን እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረው። ኦፊሰሩ ይህንን ባጭሩ፣ ለማታነብ ደንበኛ፣ በራሷ ቋንቋ ማስረዳት መቻል አለበት። ብሔራዊ ባንክ እ.አ.አ. በ2020 ያወጣው የፋይናንስ ሸማቾች ጥበቃ መመሪያም ደንበኛው የሚዋዋለውን ነገር አውቆ እንዲዋዋል ይፈልጋል። መመሪያውን ፍሬም አድርጎ ግድግዳ ላይ መስቀል ይቻላል። ኦፊሰሩ ራሱ ስሌቱ ካልገባው ግን ምን ያስረዳል?

ሌላው ሥራ አስኪያጆችን ሳይቀር የሚያደናግረው የውዝፍ አቆጣጠር ነው። አንድ ደንበኛ 8,000 ብር ቀሪ ዕዳ አለበት፣ የ1,000 ብር አንድ ክፍያ ከ30 ቀን በላይ አሳለፈ እንበል። አደጋ ላይ ያለው ስንት ነው? "አንድ ሺህ" የሚል ብዙ ነው። ትክክለኛው መልስ ስምንት ሺህ ነው፤ አንዱን ያልከፈለ ቀሪውንም ላይከፍል ይችላልና ሙሉው ቀሪ ዕዳ ይቆጠራል። በመጀመሪያው መንገድ የሚቆጥር ቅርንጫፍ ጤነኛ መስሎ ይታመማል።

ማስመሰል ካነሳን አይቀር፣ በመስኩ ያለ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ግን ሪፖርት ላይ የማይጻፍ አንድ ዘዴ አለ። ደንበኛው መክፈል ሲያቅተው አዲስ ብድር ይሰጠውና በዚያው አሮጌው ይዘጋል። ወረቀቱ ንጹሕ ሆነ። ዕዳው ግን አደገ። ይህን የሚያደርገው ኦፊሰር ሁልጊዜ ሌባ አይደለም። ዕቅድ አለበት፤ የማስመለሻ መጠኑ ካነሰ ጉርሻው ይቀርበታል፣ ከባሰም ሥራው። እንዲህ ያለውን ሰው የፈለግከውን ያህል ብታሠለጥነው የሚሠራው ደመወዙ ያዘዘውን ነው። ሥልጠና የማበረታቻ ሥርዓትን አይተካም። የሥልጠና ፕሮጀክት የሚጽፉ ሰዎች ይህችን ነጥብ ብዙ ጊዜ ይዘሏታል።

ሕንድ ላይ የሆነው ይህንን በግልጽ ያሳያል። አንድራ ፕራዴሽ በተባለው ግዛት ማይክሮፋይናንሶች እጅግ በፍጥነት አደጉ። ትልቁ ተቋም፣ ኤስኬኤስ፣ እ.አ.አ. በነሐሴ 2010 አክሲዮኑን ለገበያ አቀረበ። አዳዲስ ኦፊሰሮች በገፍ ይቀጠሩ ነበር፤ የሚለኩት በሚያመጡት የደንበኛ ቁጥርና በሚሰበስቡት ገንዘብ ነበር። አንዲት ሴት ከሦስት ከአራት ተቋም ትበደራለች፤ የአንዱን በሌላው ትከፍላለች። የማስከፈሉ ጫና ሲበረታ ራሳቸውን ያጠፉ ተበዳሪዎች ዜና ወጣ። በጥቅምት 2010 የግዛቱ መንግሥት በድንገተኛ ድንጋጌ ማስከፈሉን ሲገድብ፣ ሰው መክፈሉን አቆመ፤ ዘርፉ በግዛቱ ወደቀ። የሕንድ ማዕከላዊ ባንክ በ2011 አዲስ ደንብ ሲያወጣ ለአንድ ተበዳሪ ከሁለት ማይክሮፋይናንስ በላይ እንዳያበድር ከለከለ። ልብ በሉ፣ እነዚህም የቡድን ብድር የሚሰጡ ተቋማት ነበሩ። ቡድን በጥድፊያ ሲመሠረት ገምጋሚነቱ ይጠፋል፣ ኦፊሰሩም ቦታውን ለመተካት አልተዘጋጀም።

በተቃራኒው ባንግላዴሽ ውስጥ ግራሚን ባንክ ገና ከጅምሩ የተለየ መንገድ ያዘ። ሥራው እ.አ.አ. በ1976 ጆብራ በምትባል መንደር ተጀምሮ በ1983 ባንክ ሆነ። አዲስ ሠልጣኝ ብዙውን ጊዜውን የሚያሳልፈው ክፍል ውስጥ ሳይሆን ገጠር ቅርንጫፍ ነው። ከሚሰጠው የቤት ሥራ አንዱ የተበዳሪ ሴቶችን የሕይወት ታሪክ ጠይቆ መጻፍ ነው። ከየት መጣች፣ መጀመሪያ የወሰደችውን ብድር ምን ላይ አዋለችው፣ መቼ ተቸገረች። ለእኔ ከየትኛውም የስላይድ ሥልጠና ይህ ይበልጣል። የአንዲትን ሴት ታሪክ በደንብ ጽፎ የጨረሰ ሰው የእንጀራ ሻጯን እቁብ መጠየቅ አይረሳም።

ከፍ ያለው ዓለም አቀፍ ሥልጠናም አለ። ጣሊያን ቱሪን ውስጥ የዓለም ሥራ ድርጅት ማሠልጠኛ ማዕከል ይገኛል፤ በአሜሪካዋ ቦልደር ከተማ የተጀመረው ዓመታዊው የማይክሮፋይናንስ ሥልጠናም በኋላ ወደዚያ ዞሯል። ጀርመን ያለው የፍራንክፈርት የፋይናንስ ትምህርት ቤት ደግሞ በኢንተርኔት የባለሙያነት ሰርተፊኬት ይሰጣል። ሁሉም ይጠቅማሉ፤ በተለይ የብድር ምርት ለሚቀርጹና ስጋት ለሚቆጣጠሩ ኃላፊዎች። በእንግሊዝኛ ነው፣ በውጭ ምንዛሪ ነው፣ ለመቄት ወይም ለጊምቢ ኦፊሰር ግን ታስቦ አልተሠራም።

አገር ውስጥ የተሠራውም ትንሽ አይደለም። የኢትዮጵያ የማይክሮፋይናንስ ተቋማት ማኅበር እ.አ.አ. በ1999 ከተመሠረተ ጀምሮ ያሠለጥናል። በዓለም አቀፉ የግብርና ልማት ፈንድ የሚደገፈው የገጠር ፋይናንስ ፕሮግራምም በየምዕራፉ ለተቋማት አቅም ግንባታ ገንዘብ መድቧል። ችግሩ የጎደለው ሰነድ ወይም አሠልጣኝ ብቻ አለመሆኑ ነው። ብሔራዊ ባንክ የቦርድ አባላትና ሥራ አስፈጻሚዎች መስፈርት እንዲያሟሉ ይጠይቃል። የሰው ቤት ገብቶ ብድር የሚመዝነው ኦፊሰር ግን የሚጠየቀው የሙያ ፈቃድ የለም። ባጃጅ ለመንዳት እንኳ መንጃ ፈቃድ ያስፈልጋል።

"ካሠለጠንነው ይሄዳል" የሚል ቅሬታ ከኃላፊዎች ትሰማላችሁ። ሐሰት አይደለም። የአማራ ብድርና ቁጠባ ፀደይ ባንክ፣ የኦሮሚያ ብድርና ቁጠባ ሲንቄ ባንክ፣ ኦሞ ማይክሮፋይናንስ ኦሞ ባንክ ሆነዋል፤ ሌሎችም ተከትለዋል። ባንኮች በፉክክር ቅርንጫፍ ሲከፍቱ የመጀመሪያ ዓይናቸው የሚያርፈው ሠልጥኖ ያለው የማይክሮፋይናንስ ኦፊሰር ላይ ነው። የአነስተኛ ተቋም ደመወዝ ከዚያ ጋር አይወዳደርም። አንዳንዱ ተቋም ሠልጣኙን "ይህን ያህል ዓመት ታገለግላለህ" የሚል የግዴታ ውል ያስፈርማል። በውል የታሰረ ኦፊሰር ይቆይ ይሆናል፣ ግን በግድ የተቀመጠ ሰው ሞተሩን አስነስቶ ሃያ ኪሎ ሜትር አቧራ አይበላም። ካልሠለጠነና ከማይሄደው ኦፊሰር ይልቅ ሠልጥኖ በሦስት ዓመቱ የሚሄደው ይሻላል እላለሁ። ያልሠለጠነው ለሃያ ዓመት መጥፎ ብድር ይሰጣልና።

የባንክነቱ ለውጥ ለኦፊሰሮቹም ፈተና ነው። የሥራ መደባቸው ስም ተቀይሯል። መስኮት ላይ ቁጭ ብሎ ደንበኛ መጠበቅ ባንክ መሆን የሚመስለው ሰው ካለ፣ ገጠር የነበረው ደንበኛ ቀስ ብሎ ይጠፋል። ባንክ ሆኖም የገበሬ ማሳ የሚሄድ ሰው ማቆየት ይቻላል። ግን ሆን ተብሎ መሠልጠንና በደረጃ ዕድገቱ ላይም መቆጠር አለበት።

ከወለድ ነጻ አገልግሎትን በአጭሩ ልንካ። ሙራባሃ ተቋሙ ዕቃውን ራሱ ገዝቶ በትርፍ ለደንበኛው የሚሸጥበት ነው። ኦፊሰሩ ለጊዜ ቁጠባ ሲል ጥሬ ገንዘቡን ለደንበኛው ሰጥቶ "ግዛ" ካለ ነገሩ ሙራባሃ መሆኑ ቀረ። ደንበኛው የመጣበት ምክንያትም አብሮ ቀረ። ይህን ስህተት ለማስቀረት ረጅም ሥልጠና አያስፈልግም።

ስልኩ ደግሞ ሌላ ጣጣ አምጥቷል። በ2014 ዓ.ም. ቴሌብር ከዳሸን ባንክ ጋር "መላ" እና "እንደኪሴ" የሚባሉትን ብድሮች ከጀመረ በኋላ ሰው ቀበሌም ኦፊሰርም ሳያይ በስልኩ መበደር ለመደ። የሚገመግመው ሶፍትዌር ነው። "እንግዲህ ኦፊሰር ምን ያደርጋል?" የሚሉ አሉ። እኔ ተቃራኒው ይታየኛል። ስልኩ ትንሹንና አጭሩን ብድር ይወስዳል፤ ለኦፊሰሩ የሚቀረው ትልቁ፣ ረጅሙና ውስብስቡ ነው። በዚያ ላይ አሁን "እቁብ ደርሶሻል?" ከሚለው ጥያቄ ቀጥሎ "በስልክ የወሰድሽው አለ?" የሚል መጨመር አለበት። ደንበኛዋ እሱን እንደ ብድር ላትቆጥረው ትችላለችና አጠያየቁም ብልሃት ይፈልጋል።

ምን ቢደረግ ይሻላል? ከሁሉ ርካሹ እዚያው ቅርንጫፍ ውስጥ ያለው ነው። በየሳምንቱ አንድ ያልተመለሰ ብድር ይወጣና ኦፊሰሮቹ ከሥራ አስኪያጁ ጋር ቁጭ ብለው ያዩታል። ፎርሙ ላይ ምን ተጻፈ? ቤቱ ሲኬድ ምን ነበር? የቱ ጥያቄ ቀረ? ማንንም ለመቅጣት አይደለም፤ ቅጣት ከገባበት በቀጣዩ ሳምንት ማንም እውነቱን አያወጣም። ሆቴል የለው፣ አበል የለው። ምናልባት የማይወደደውም ለዚህ ይሆናል።

ውድ የሚሆነው ሁለተኛው ነው። አዲስ ኦፊሰር ለመጀመሪያዎቹ ወራት ግማሽ የደንበኛ ቁጥር ብቻ ይያዝ፣ የሚያሠለጥነው ነባር ኦፊሰርም ዕቅዱ ይቀነስለት። እዚህ ላይ ነው ሁሉም ዝም የሚለው። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ይዘጋል። ከሚያዝያ ጀምሮ ዲስትሪክቱ በየቀኑ እየደወለ ስንት እንደተበደረና ስንት እንደተሰበሰበ ይጠይቃል። ስንት ኦፊሰር ብድር መገምገም እንደቻለ የሚጠይቅ ሳጥን ሪፖርቱ ላይ የለም፤ ዕቅድ ይቀነስልኝ ብሎ ለመደወል የሚደፍር የቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጅም ብዙ አይገኝም።